የሚረጋው ዘይትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ

በደብረ ብርሃንም ሆነ በመንዝ ደጋ፣ ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ጀሪካኑ ውስጥ እንዳለ እንደ ቅቤ ይረጋል። ባለሱቁ ጠዋት ፀሐይ ላይ ያወጣዋል፤ ደመና ከሆነም ከከሰል ምድጃው ያስጠጋዋል፤ ገዢዋ ቀልጦ እስኪቀዳላት ቆማ ትጠብቃለች። ዘይቱ የሚረጋው ከስቡ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው፣ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ስለሆነ ነው። የኑግና የተልባ ዘይት በዚያው ብርድ አይረጋም።

ስለ ጤና ማበልጸግ፣ ማለትም ሰዎች ጤናቸውን እንዲጠብቁና እንዲያሻሽሉ ስለ ማስቻል፣ ለመጻፍ ከዘይት የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አገራችን በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ስትጀምር ብዙዎቹ የሕመም መንስኤዎች እዚያው ቀበሌ ውስጥ ስለነበሩ፣ በየጤና ኬላው የተመደቡት ሴት ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ መጸዳጃ ቤት በማስቆፈር፣ ሕፃናትን በማስከተብ፣ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለው ቆላ ደግሞ ስለ አጎበር በማስተማር ሊደርሱባቸው ይችሉ ነበር። በብሔራዊው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። የእነዚያ ሴቶች ድርሻ በዚህ ውስጥ ትልቅ ነው፤ ደመወዛቸው ግን ከድካማቸው ጋር ተመጣጥኖ አያውቅም። ያላለቀ ሥራም አለ፤ እንጨት በተመናመነበት ደጋ ዛሬም እንጀራ በኩበት ይጋገራል፣ ጭሱንም እናትየዋ ከነአዘለችው ልጅ ትስበዋለች።

አሁን እየበዙ የመጡት ግፊትና ስኳር ግን በቤት ለቤት ምክር ብቻ የሚመለሱ አይመስለኝም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «ይህን ዘይት ቀንሱ» ብትል፣ ሱቁ ውስጥ በርካሽ የሚገኘው እሱው ነው፤ ዋጋውን የሚወስኑት የማሌዥያና የኢንዶኔዥያ ምርት፣ የምንዛሪ ተመንና የቀረጥ ፖሊሲ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም ጤና ድርጅት የጤና ማበልጸግ ጉባኤ ላይ የወጣው የባንኮክ ቻርተርም ጤናን ማበልጸግ የዓለም አቀፍ የልማት አጀንዳ ማዕከል፣ የመላው መንግሥት ኃላፊነት፣ የማኅበረሰቡ ትኩረትና የድርጅቶች መልካም አሠራር ግዴታ እንዲሆን የጠየቀው እንዲህ ያለውን ነገር በማሰብ ነበር። ከአራቱ እስካሁን በደንብ የሠራንበት ሦስተኛው፣ የማኅበረሰቡ፣ ነው ባይ ነኝ።

በሕግ በኩል ጅምሩ ጥሩ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁም በትምባሆ፣ በአልኮልና በለስላሳ መጠጦች ላይ ግብር ጥሏል። ነገር ግን የመንዝ ወጣት ዛሬ ማስታወቂያውን የሚያየው በስልኩ፣ ከየትኛው አገር እንደመጣ በማይታወቅ ቪዲዮ ነው። ስለ ክትባት የሚነዛው ወሬም በዚያው መንገድ ይመጣል፤ ጸጥታ ሲደፈርስና ሠራተኛዋ ቤት ለቤት መዞር ሲያቅታት ደግሞ ወሬውን የሚያስተባብል ሰው አይኖርም።

እኔ ብጠየቅ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ከግብርና፣ ከንግድና ከኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ቅባት እህል እንዲነጋገር እፈልጋለሁ። ኑጉንና ተልባውን ለነጋዴ ሸጦ የፓልም ዘይት ገዝቶ ለሚገባ ገበሬ፣ እዚያው አካባቢ የሚጨምቅ አነስተኛ መጭመቂያና በሸማቾች ማኅበር በኩል የሚሸጥ ዘይት ቢኖር ከብዙ የግድግዳ ፖስተር የበለጠ ይጠቅመዋል። በጀሪካኑ ላይም የስቡ ዓይነት በአማርኛ፣ ያለ መነጽር በሚነበብ ፊደል ቢጻፍ።