አምስት ስምንተኛ

በአንድ የበረዶ ሆኪ ክለብ ረዳት የዕቃ ኃላፊ ሆኜ በሠራሁበት በሁለተኛው ዓመት ነው። ክለቡ ከሰሜን አሜሪካ ከፍተኛው የሆኪ ሊግ ከኤንኤችኤል አንድ እርከን ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሜሪካን ሆኪ ሊግ ይጫወት ነበር። ማልያ ላይ ስም እሰፋለሁ፣ የራስ ቁር እጠግናለሁ፣ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ። ከሁሉም የምወደው ግን የስኬት፣ ማለትም በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ባለ ብረት ጫማ፣ መሳያ ማሽኑን ነበር፤ በእሱ እኮራ ነበር።

አንድ የጨዋታ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በዝውውር የመጣ ተከላካይ ቦርሳውን እየጎተተ ገባ። ዕድሜው 34፣ ክለባችን ዘጠነኛው ነው። ጨዋታው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይጀመራል። ሰውየው ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ መልበሻ ክፍሉን ዞሮ የሁላችንንም ስም ጠየቀ፤ የእኔን ሁለት ጊዜ አስደገመኝና በትክክል ጠራው። ከዚያ ወደ ሐኪሞቹ ክፍል ሄደ። እኔ የቀድሞውን ተጫዋች ስም ከማልያው ፈታሁና የእሱን ሰፋሁበት። ስኬቶቹን ከቦርሳው አውጥቼ ጠርዛቸውን በጥፍሬ ስዳስስ ደንዝዘዋል፤ ሳልኳቸው። ማንንም አልጠየቅሁም።

ሆኪ የማያውቅ ሰው የስኬት ብረት እንደ ቢላ አንድ ስለት ያለው ይመስለዋል። ብረቱ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው። ከሥሩ መሃል ለመሃል ይቦረቦርና በግራና በቀኝ ሁለት ጠርዞች ይቀራሉ። የጉድጓዱን ጥልቀት የሚወስነው የመሳያው ድንጋይ ጠርዝ የተቀረጸበት ክብ ነው። በግማሽ ኢንች ሬዲየስ የተቀረጸ ድንጋይ ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ያወጣል፤ ብረቱ በረዶውን አጥብቆ ይነክሳል። አምስት ስምንተኛ ኢንች ሲሆን ጉድጓዱ ይሳሳል፤ ስኬቱ በቀላሉ ይንሸራተታል፣ ሲቆሙም እግር አይዝም። ልዩነቱን በዓይን አይቶ መለየት ይከብዳል። መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ወደ ጎን ሲቆም ግን በጉልበቱና በብሽሽቱ ያውቀዋል።

የእኛ ተከላካዮች አብዛኞቹ በግማሽ ኢንች ነበር የሚጫወቱት። ድንጋዩም ከጠዋት ጀምሮ ለዚያ ተቀርጿል።

ለማሟሟቂያ ወጡ። አዲሱ ሰው ሁለት ዙር ዞረ፣ ሰማያዊው መስመር ላይ ሊቆም ሲል ብረቱ በረዶውን ያዘበትና በጉልበቱ ወደቀ። ተነሣ፣ ደግሞ ሞከረ፤ እንደገና ተያዘ። ከዚያ በቀጥታ ወደ መተላለፊያው መጥቶ ከፊቴ ቆመ። አልጮኸም።

«በስንት ሳልከው?»

«በግማሽ።»

«እኔ አምስት ስምንተኛ ነኝ» አለና እዚያው ተቀምጦ ማሰሪያውን መፍታት ጀመረ።

ድንጋዩን በመቅረጫው አልማዝ እንደገና መቅረጽ ነበረብኝ። ደግሞ አንድ ሁለቴ ማስኬድ አይበቃም፤ የድሮው ጉድጓድ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ መፋቅ አለበት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንደኛውን ጨርሼ ሁለተኛውን ስጀምር የብሔራዊ መዝሙሩ ድምፅ ተሰማኝ። ጨዋታው ሲጀመር ቡድኑ በስድስት ፈንታ በአምስት ተከላካዮች ነበር የሚቀያየረው። እሱ በካልሲ ከጎኔ ቆሞ ዝም ብሎ ድንጋዩን ያያል።

በዕረፍት ሰዓት አሠልጣኙ የዘገየበትን ምክንያት ጠየቁት። አለቃዬም እኔም እዚያው ነበርን። «የስኬቴ ጉዳይ ነው፤ ልኬን ሳልናገር ቀረሁ» አላቸው። አሠልጣኙ ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። እኔ አፌን ከፍቼ እውነቱን መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከስለቱ ይልቅ ይህ ዝምታዬ ነው።

ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ ስኬቶቹን ላደርቅ ሳነሣ የምላሳቸው ውስጠኛ ገጽ ላይ በጥቁር ቀለም «5/8» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። በሁለቱም ላይ። ቀለሙ ከላብ ብዛት ደብዝዞ እንደገና የተደመቀበት ነው። ስስላቸው ምላሱን አንድ ጊዜ ገለጥ ባደርግ ኖሮ አገኘው ነበር።

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ለአሠልጣኙም ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኳቸው። እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያወራኝ ስለ ውሉ ነበር። በሁለቱ ሊጎች የተለያየ ደመወዝ የሚከፈልበት ውል ነው። ላይኛው ሊግ ውስጥ ደመወዝ በቀን ይታሰባል፤ የሚከፈለውም እዚያ ስሙ ለተመዘገበበት ለእያንዳንዱ ቀን ነው። በዚያን ወቅት የኤንኤችኤል ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ 775,000 ዶላር ነበር፤ እኛ ጋ ያለው ተጫዋች የሚያገኘው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ አዲስ ክለብ በገባ ቁጥር ገና የመጀመሪያው ምሽት ፈተና ነው፤ ወደ ላይ የሚጠራውን ሰው የሚመርጡት ዓይኖች ያን ምሽትም ያያሉ። እኔ ያበላሸሁበት ያን ምሽት ነበር።

ስለ እንዲህ ያሉ ተጫዋቾች ሲወራ በ12 የኤንኤችኤል ክለቦች የተጫወተው ማይክ ሲሊንጀር ይነሣል፤ 1,049 ጨዋታ ማድረጉ ለእኔ ከክለቦቹ ብዛት በላይ ያስደንቀኛል። አብዝቼ የማስበው ግን ዊሊ ኦሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የመጀመሪያው ጥቁር የኤንኤችኤል ተጫዋች ሆነ፤ እዚያ የተጫወተው በድምሩ 45 ጊዜ ብቻ ሲሆን የቀረውን ረጅም ዘመኑን በታችኞቹ ሊጎች አሳለፈ። ቀኝ ዓይኑ በፓክ፣ በሆኪ መጫወቻው ጠፍጣፋ ጎማ፣ ተመትቶ ማየት አቁሞ ነበር፤ ክለቦቹ እንዳያባርሩት ይህን ደብቆ ተጫወተ። ቦርሳ አንጠልጥሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ እኛ የማናውቀው አንድ ነገር ይዞ እንደሚመጣ ከዚያ ወዲህ አልረሳሁም።

እኛ ጋ የቆየው 19 ቀን ነው። ሌላ ክለብ ወሰደው። ቦርሳውን እኔ ሸከፍኩለት፤ ስኬቶቹን ስዬ በጨርቅ ጠቀለልኳቸው። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ የተቀባዩን ክለብ የዕቃ ኃላፊ ስልክ ፈልጌ ደወልኩ። ሰውየው ችኩል ነበር፤ በእነሱም ጨዋታው ያንኑ ዕለት ማታ ነበር።

«ድንጋይህ አሁን በስንት ነው?» አልኩት።

«በግማሽ» አለኝ።

«ሰውየው ሳይደርስ በአምስት ስምንተኛ ቅረጸው።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ማሽኑ ሲነሣ፣ አልማዙም ድንጋዩን ሲነካው በስልኩ ሰማሁ።