አራት ሰዓት ተጫውተን ስድስት ደቂቃ ተዋጋን

በጠረጴዛ ላይ የጦር ጨዋታችን ድልድዩን ማን እንደያዘው እስከ ዛሬ አናውቅም። ከምሳ በኋላ ጀመርን፣ ስንነሣ ጨልሟል፤ ጠረጴዛው ላይ ባለችው ፕላኔት ግን ያለፈው ጊዜ 6 ደቂቃ ብቻ ነው። አንዱ ተራ 30 ሰከንድ፣ የተጫወትነው 12 ተራ፣ እያንዳንዱ ተራ የፈጀው 20 ደቂቃ። በሁለቱም ወገን ተደምሮ 240 ወታደርና 12 ብረት ለበስ ነበር። መጨረሻ ላይ አንዱ ጓደኛዬ ዳይሶቹን እየሰበሰበ «የሕዝብ ቆጠራ ላይ የዋልን መሰለኝ» አለኝ። ተቀየምኩት። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን እውነቱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራሴ በጻፍኩት ሕግ ሁለት ዓመት ሙሉ የምንጫወተው የሳይንስ ልብወለድ ጨዋታ አለን። ሲጀመር አራት ገጸ ባሕርያት፣ አንዲት ያረጀች የጭነት መንኮራኩር፣ ብዙ ዕዳና ጥቂት ጠመንጃ ነበር። በመንኮራኩር ኮሪደር ውስጥ ስድስት ሰው ከስድስት ሰው ሲታኮስ ሕጌ ግሩም ነው፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ችግሩ የመጣው ከአራቱ አንዷ የብርጌድ አዛዥ ሆና ስትሾም ነው። ሹመቱን የሰጠኋት እኔው ስለሆንኩ የማማው ሰው የለም። ፕላኔት አስለቅቂ ተባለች፤ እኔም የኮሪደሩን ሕግ ወስጄ የሰዉን ቁጥር አበዛሁ፣ ሌላ ምንም ሳልነካ።

ማብዛት ምን እንደሚያደርግ የገባኝ ወረቀት አውጥቼ ሳሰላ ነው። 100 ተኳሽ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ዳይስ፣ 5 ወይም 6 ከወጣ መታ። አማካዩ 33 ነው፤ ከሃያ ጊዜ አሥራ ዘጠኙን ያህል ውጤቱ በ24 እና በ43 መካከል ይወድቃል። እንግዲህ 100 ዳይስ ወርውረን፣ ለይተን፣ ቆጥረን ያገኘነው «ሲሶው ያህል መታ» የሚለውን ነው፤ ይህን ሳንወረውርም እናውቀው ነበር። ዳይሱ በበዛ ቁጥር ዕድል እየሟሟ ይሄዳል። ኮሪደሩ ውስጥ አንዲት ጥይት ታሪኩን ትገለብጠዋለች፤ ሜዳው ላይ ግን ማንም አያያትም።

ያም ሆኖ ትልቅ ውጊያ ያልታሰበ ነገር አያጣም። ትእዛዝ ሳይደርስ ይቀራል፣ ሻለቃ ጦሩ መንገድ ይስታል፣ ተጠባባቂው ኃይል ነገሩ ካለቀ በኋላ ከች ይላል። ዕድል ከጥይቱ ወጥቶ ትእዛዙ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። እኔ ዳይሱን የማስወረውረው ዕድል በሌለበት ቦታ ነበር።

ይህን የደረስኩበት እኔ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1824 ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሺያ መድፈኛ መኮንን ክሪግስሽፒል የተባለውን የጦር ጨዋታ አሳተመ። ካርታው በ1:8000 የተነሣ ነው፤ አንዱ ተራ 2 ደቂቃ። ተጫዋቾቹ ጠጠሮቹን እንዳሻቸው አያንቀሳቅሱም፤ ትእዛዛቸውን ጽፈው ለዳኛ ይሰጣሉ። ዳኛው መልእክተኛው ጋልቦ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ያስባል፣ ከዚያ ጠጠሩን ያንቀሳቅሳል። ያልታየ ጠላት ካርታው ላይ አይቀመጥም። እኔ ሁለት መቶ ዓመት ቆይቼ፣ የጨረር መሣሪያ ይዤ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሄጄ ነበር።

ስለዚህ ከሥር ጀመርኩ። አንድ ጠጠር አንድ ሻለቃ ሆነ። ሜዳው ባለ ስድስት ጎን ሕዋስ ነው፣ ከመሃል እስከ መሃል 1 ኪሎ ሜትር፤ አንዱ ተራ 10 ደቂቃ። (ካሬ የተውኩት በማዕዘን የሚሄደው ሰው 41 በመቶ ያህል መንገድ በነፃ ስለሚያገኝ ነው። ከመካከላችን ይህን ሳይናገር ሲጠቀምበት የከረመ አንድ ሰው አለ፤ ራሱን ያውቃል።) እግረኛ አንድ ሕዋስ ለመሻገር ሁለት ተራ ይፈጅበታል፤ ብረት ለበስ ሜዳ ላይ በአንድ ተራ ሦስት ይሄዳል።

ዋናው ነገር ትእዛዙ ነው። አዛዧ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፦ የትኛው ሻለቃ፣ ወዴት፣ ምን ለማድረግ። ከዚያ ሁለት ዳይስ። 6 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ ትእዛዙ በሚቀጥለው ተራ ይደርሳል፤ ካልወጣ ሻለቃው የቀድሞውን ትእዛዝ መፈጸሙን ይቀጥላል። ከ36ቱ የዳይስ አወጣጥ 26ቱ ያደርሳሉ። ጠላት ሬዲዮውን እያፈነ ከሆነ 8 ያስፈልጋል፤ ያኔ የሚያደርሱት 15 ብቻ ናቸው።

ከመካከላችን መሐንዲሷ ይህን ስትሰማ ሣቀችብኝ። «ከኮከብ ኮከብ የሚዘል ሰው ሬዲዮ አጣ?» እኔም ሬዲዮው አለ አልኳት። አዛዧ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና ብትናገር እንኳ ድምፅዋ መሬት ለመድረስ ከሰከንድ አንድ ስምንተኛ አይበልጥበትም። የሚዘገየው ሰው ነው። ሪፖርት ተጽፎ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንድ ሰው ያነባል፣ አያምነውም፣ እንደገና ይጠይቃል። ትእዛዙ ሲወርድ ደግሞ ከሻለቃ ወደ ሻምበል፣ ከሻምበል እስከ ጓድ ድረስ ይነገራል፣ ይጠየቃል፣ ይደገማል። ይህን ፍጥነት የመሣሪያ ዘመን ብዙም አይቀይረውም። መልሷ «እሺ፣ ለጊዜው» ነበር። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ተኩሱን ወደ አንድ ሠንጠረዥ ጨመቅኩት፤ በሁለቱም ወገን በአንድ ግጥሚያ አንድ ውርወራ። እዚህ ላይ የረዳኝ ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጻፈው ስሌት ነው። ሁሉም ሁሉን መተኮስ በሚችልበት ሜዳ የአንድ ጦር ጉልበት በቁጥሩ ካሬ ያድጋል። እኩል መሣሪያ የያዙ 5 ሻለቆች 3 ሻለቆችን ቢገጥሙና እስከ መጨረሻው ቢዋጉ የሚተርፉት 2 አይደሉም፣ 4 ናቸው፤ 25 ሲቀነስ 9፣ 16 ነው፣ የእሱ ካሬ ሥር 4። ለሳይንስ ልብወለድ ጨዋታ ይህ መራር መድኃኒት ነው። ሦስት እጥፍ ሰው የያዘን ጠላት በጥራት ብቻ እኩል ለመግጠም የአንዱ ወታደር ብቃት ዘጠኝ እጥፍ መሆን አለበት። የብረት ልብስ የለበሱ አርባ ጀግኖቹን ሲያስብ ለሚውለው ጓደኛችን ይህን ሳስረዳው ፊቱ ተለዋወጠ።

ግን መውጫ አለው። ጠባብ ቦታ ላይ፣ ዋሻ ውስጥም ሆነ ድልድይ ላይ፣ መዋጋት የሚችለው ፊት ያለው ብቻ ነው፤ የኋላው ተራውን ይጠብቃል። እዚያ ካሬው ይቀርና ቁጥር በቁጥርነቱ ብቻ ይቆጠራል፤ ሦስት እጥፍን ለመመከት ሦስት እጥፍ ብቃት ይበቃል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ሁለት ዓምድ አለው፣ ሰፊና ጠባብ። ጓደኛችን አሁን ካርታ ሲዘረጋ መጀመሪያ የሚፈልገው ገደልና ድልድይ ነው፤ ሕጉ ገብቶታል ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የደከምኩበት የጦር መፈታት ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ሁሉም እስከ መጨረሻው ሰው ይዋጋ ነበር፤ እንዲህ የሚያደርግ ጦር እምብዛም የለም። ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይብሳል ይባል የለ? ስለዚህ እያንዳንዱ ሻለቃ ሦስት ሁኔታ አለው፦ ሙሉ፣ የተናጋ፣ የተፈታ። የተፈታው ያፈገፍጋል፤ አጠገቡ ያሉት ደግሞ ዳይስ ይወረውራሉ፣ ውርወራው ካልተሳካላቸው ይናጋሉ፣ ቀድሞ ተናግተው ከነበረ ይፈታሉ። ዳር ሲፈታ መሃል ዳር ይሆናል የሚለውን በቁጥር መጻፌ ነበር፤ ኮራሁበትም። ሙከራው ላይ ግን አንድ ሻለቃ ተፈታ፣ ጎረቤቱን ይዞ ወረደ፣ ያኛውም ሌላውን፣ በአንድ ተራ ሰባት ሻለቃ ሲሮጥ አየን። ግንባሩ በሙሉ እንደ ሹራብ ክር ተተረተረ። ሣቅን፣ ከዚያ ተበሳጨን።

መፍትሔው ትንሽ ነገር ሆነ። ጎረቤቶቹ የሚወረውሩት በዚያው ተራ ሳይሆን በሚቀጥለው ተራ መጨረሻ ነው፤ ክፍተቱን የሚሞላ ሙሉ ሻለቃ እስከዚያ ከደረሰ ውርወራው ይቀራል። አዛዧ አንድ ተራ፣ 10 ደቂቃ አላት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይነግራቸው ተጠባባቂ ኃይል ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ቀድሞ «ምን ያስቀምጠዋል፣ ሁሉም ይተኩስ» ነበር የሚሉት። ተጠባባቂውም ቢሆን ትእዛዝ ካልደረሰው ስለማይነቃነቅ በጣም ሩቅ ያስቀመጠ ሰው ይቆጨዋል።

ሰማዩም ሕግ ያስፈልገው ነበር። ከላይ የሚተኩስ መርከብ ካለ ማን መሬት ላይ ይዋጋል? እዚህ ፊዚክሱ ራሱ ረዳኝ። ምድርን በምታህል ፕላኔት ዙሪያ 400 ኪሎ ሜትር ላይ የምትዞር መርከብ አንዱን ዙር በ90 ደቂቃ ገደማ ትጨርሳለች፤ ከአንድ ቦታ ስትታይ ከ10 ደቂቃ አትበልጥም። በእኔ ሰዓት ይህ በየዘጠኝ ተራ አንድ ተራ ነው። ሕጉን ጽፌ ሳልጨርስ መሐንዲሷ «ፕላኔቷ ቆማ ትጠብቅሃለች?» አለችኝ። በ90 ደቂቃ ውስጥ ፕላኔቷ 22.5 ዲግሪ ትዞራለች፣ ስለዚህ የሚቀጥለው ዙር ወደ ጎን ያፈነግጣል። አሁን በ4ኛው ተራ መርከቧ አናት ላይ ናት፣ በ13ኛው ዘመም ብላ በግማሽ ጉልበት ትተኩሳለች፣ በ22ኛው ከአድማስ በታች ነች። ሁለቱም ወገን ይህን ስለሚያውቅ በ3ኛው ተራ ሁሉም ወደ ምሽጉ ይገባል፣ በ5ኛው ይወጣል። ይህን እኔ አላቀድኩትም፤ ከሕጉ በራሱ ጊዜ የወጣ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የሚሰማኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም።

ስለ ስንቅና ትጥቅ ብዙ አልልም። አንድ ሻለቃ ሦስት ግጥሚያ ይዋጋል፣ ከዚያ የጭነት ጠጠር አጠገቡ ካልደረሰ መከላከል እንጂ ማጥቃት አይችልም። ከዚህ የረቀቀ ሕግ ጽፌ ነበር፤ አንድም ሰው አላነበበውም።

ባለፈው ቅዳሜ ያንኑ ድልድይ እንደገና ተጫወትነው። በሦስት ሰዓት 24 ተራ፣ ማለትም የአራት ሰዓት ውጊያ። በ9ኛው ተራ አዛዧ ሁለተኛ ሻለቃን ወደ ድልድዩ ላከች። በ10ኛው ቃኚዎቿ ከወንዙ ማዶ ቆረጣ የሚገባ ብረት ለበስ አዩ፤ «ተመለሱ» ብላ ጻፈች። ሬዲዮው እየታፈነ ነበር፣ 8 ያስፈልጋል። 7 ወጣ። ሻለቃው የቀድሞውን ትእዛዝ ይዞ ገባ። ከወንበሯ ተነሣች፣ «ተመለሱ ብያለሁ እኮ!» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለጠጠሩ። በ11ኛውም ወረወረች፣ 5። በ12ኛው 9 ወጣላት፤ ትእዛዙ ሲደርስ ግን የሚመለስ ሻለቃ አልነበረም፣ ዳሩም መፈታት ጀምሯል።

ድልድዩ በጠላት እጅ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ብርጌዱን በሌሊት ከወንዙ ማዶ ታስወጣለች፤ የሌሊት ማፈግፈግ ሕግ ደግሞ ገና አልጻፍኩም።