104 ለሁሉም አይሆንም

ኤሌክትሮኒክስ ስንጀምር ሁላችንም የምንሰማት ምክር አለች፦ «ከአይሲው ፓወር እግር አጠገብ አንድ 104 አድርግ።» 104 ማለት የፓወር መስመሩን ረብሻ ወደ ግራውንድ የሚያሳልፍ የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ነው። እኔም ለዓመታት እንደ ጨው ስነሰንሰው ኖሬያለሁ፤ ለምን 104 እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ያስጠየቀኝ 433 ሜጋኸርዝ ላይ እንዲሠራ የገጣጠምኩት ትንሽ አምፕሊፋየር ነው። ምንም ሲግናል ሳላስገባለት በራሱ ጊዜ ኦሲሌት ማድረግ (ሲግናል ማመንጨት) ጀመረ። ጣቴን ወደ ፓወር መስመሩ ሳስጠጋ ይቆማል፣ ሳነሳ ይቀጥላል። አንድ 104 ጨመርኩ፣ ለውጥ የለም። ሌላ ደገምኩ፣ ያው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ካፓሲተር ቦርድ ላይ ሲበየድ ካፓሲተር ብቻ አይሆንም፤ አካሉም፣ እስከ ግራውንድ የሚሄደው መስመርም ኢንዳክታንስ (እንደ ኮይል የከረንትን ለውጥ የመቃወም ባሕርይ) አላቸው። ሁሉም ተደምሮ 1 ናኖሄንሪ ነው እንበል። ያኔ 104 እስከ 16 ሜጋኸርዝ ገደማ ካፓሲተር ነው፣ ከዚያ በላይ ኮይል በሉት፤ ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ሲግናሉን ወደ ግራውንድ ማሳለፉ ይቀንሳል። 433 ላይ ለመሥራት የሚስማማው (ከ1 ናኖሄንሪው ጋር ተጣፍቶ ሲግናሉን በደንብ የሚያሳልፈው) 135 ፒኮፋራድ አካባቢ ነው፤ ሱቅ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው 100 ፒኮም ያስኬዳል።

እኔ ጋ ግን መስመሩ ቀጭንና ረጅም ነበር፣ ወደ ግራውንድ የሚወርደው ቪያም (የቦርዱን ንብርብሮች የሚያገናኘው ቀዳዳ) ሩቅ። ኢንዳክታንሱ 5 ናኖሄንሪ ከደረሰ የ104 ኢምፒዳንስ (ለሲግናሉ የሚያሳየው ተቃውሞ) በ433 ሜጋኸርዝ ወደ 14 ኦም ይሆናል፣ የሚስማማው ዋጋ ደግሞ 27 ፒኮ ላይ ይወርዳል። አያችሁ፣ አቀማመጡን ሳያውቁ «ስንት ፒኮ ላድርግ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ቪያውን ካፓሲተሩ ሥር አመጣሁት፣ ከዚያ 100 ፒኮ ሲ-ዜሮ-ጂ በየድኩ (የሴራሚክ ካፓሲተር ዓይነት ነው፤ ሙቀትና ቮልቴጅ ብዙም አይለውጠውም፤ ሌላው ዓይነት ኤክስ-ሰቨን-አር ግን፣ በተለይ ትልልቁ፣ ቮልቴጅ ሲያርፍበት ዋጋው ይቀንሳል)።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። «እንግዲያው ሁለቱንም ጎን ለጎን ላድርጋቸው» ብላችሁ 104ን ከ100 ፒኮ ጋር ስታጣምሩ፣ ኮይል የሆነው ትልቁ፣ ገና ካፓሲተር ከሆነው ትንሹ ጋር ይጣላል። ሁለቱም 1 ናኖሄንሪ ካላቸው 350 ሜጋኸርዝ አካባቢ ኢምፒዳንሱ እንደ ተራራ ይቆማል። አምፕሊፋየራችሁ እዚያ ጌይን (የማጉላት አቅም) ካለው ጉዳችሁ ፈላ። እኔ 100 ፒኮውን ከአምፕሊፋየሩ እግር አስጠግቼ፣ ቀጥሎ 10 ኦም ሬዚስተር፣ ከሬዚስተሩ ወዲያ 104 አደረግሁ። የምትጠፋው ቮልቴጅ አታስጨንቀኝም፤ ሰርኪዩቱ የሚወስደው ከረንት ትንሽ ነው።

ናኖቪኤንኤ (ሲግናል በየፍሪኩዌንሲው እንዴት እንደሚያልፍ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ) ያላችሁ ግን በስሌት ብቻ አትተማመኑ። ካፓሲተሩን ከመስመሩ ወደ ግራውንድ በይዳችሁ ኤስ-21ን (የሚያልፈውን ሲግናል መጠን) እዩ፤ 28 ዲቢ ከወረደ ኢምፒዳንሱ 1 ኦም ገደማ ነው። ስትለኩ ግን ቦርዳችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ በይዱት፤ እግሩን አንድ ሁለት ሚሊ ብታስረዝሙት እንኳ ግርጌው (ኤስ-21 በጣም የሚወርድበት ነጥብ) ወደ ታችኛው ፍሪኩዌንሲ ሲሸሽ ታያላችሁ።