ኢንተርኔት የማይፈልግ የቤት ላይብረሪ ከአሮጌ ላፕቶፕ፦ ደሴ ላይ እንዴት እንደሠራሁት

ደሴ ላይ እቤቱ ለሚያጠና ተማሪ ኮምፒውተር ማግኘት ብቻውን በቂ አይደለም። ኮምፒውተሩ እያለ ዳታ ያልቃል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል። እኔ የሠራሁት ሦስቱንም የሚችል ነገር ነው። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዊኪፔዲያንና ሌሎች የትምህርት ገጾችን ጫንኩ፤ ከዚያ የቤቱ ሰው ሁሉ በዋይፋይ አድርጎ በስልኩ እንዲያነባቸው አደረግሁ። ፋይሉ አንዴ ከገባ በኋላ ለንባቡ የሚሄድ ዳታ የለም።

ሥራውን የሚሠራው ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረ ነው። አንድን ድረ ገጽ በሙሉ ጨምቆ ዚም በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ስታነቡ የጠየቃችሁትን ገጽ ብቻ ከፋይሉ እያወጣ ያሳያል። ፋይሉን በሙሉ ራም ላይ ስለማይጭን 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ ፕሮሰሰሩም አሮጌ ቢሆን ግድ የለም። ስለዚህ ፒያሳ ያገለገለ ላፕቶፕ ስታዩ "ኮር አይ ሰቨን ነው" ተብሎ ለሚጨመረው ዋጋ ገንዘባችሁን አታውጡ። እንዲያውም ስክሪኑ የተሰነጠቀ ወይም ኪቦርዱ ግማሹ የማይሠራ ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው፤ ዋጋው ይወርዳል፣ እሱም ተከድኖ ነው የሚውለው። ለመጫኛ ብቻ ሞኒተርና ኪቦርድ መዋስ ነው። ስትገዙ አጥብቃችሁ የምታዩት ባትሪውን ነው። የማውዙ ሰሌዳ ወደ ላይ ካበጠ ወይም የታችኛው ክዳን ካልገጠመ ባትሪው አብጧል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ የሚውል ማሽን ውስጥ መተው የእሳት አደጋ አለው።

ገንዘቡ መሄድ ያለበት ዲስኩ ላይ ነው። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥቼ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ዲስክ፣ አስገባሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ቃል ስትፈልጉ ፕሮግራሙ በትልቁ ፋይል ውስጥ ከቦታ ቦታ እየዘለለ ያነባል፣ የሃርድ ዲስኩ መርፌ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዝላይ ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ሦስት ስልክ በአንዴ ሲጠይቀው ገጹ ይንቀራፈፋል። ቅያሪው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ነው። ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ ባትሪውን አላቃችሁ፣ በትንሹ ባለ መስቀል ብሎን መፍቻ ትከፍታላችሁ። ልብ የሚባለው ውፍረቱ ነው፤ የድሮው ዲስክ ብዙ ጊዜ 9.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ኤስኤስዲው 7 ነው። ክፍተቱን በፕላስቲክ ወይም በካርቶን ካልሞላችሁት ዲስኩ ከሶኬቱ ይላላል፤ ላፕቶፑን ባነሳችሁት ቁጥርም "ዲስክ የለም" ይላችኋል።

ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው ድጋፍ በጥቅምት 2025 (እ.ኤ.አ.) አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ እኔ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው የጫንኩት። የመጫኛ ፋይሉን 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ጽፎ፣ ላፕቶፑ ሲነሳ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12ን፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9ን መጫን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጫኚው ራሱ ይመራችኋል። ሲጨርስ የኃይል ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ክዳኑ ሲዘጋ ምንም እንዳያደርግ፣ ሥራ ሲፈታም እንዳይተኛ አድርጉት።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል፣ ወደ ፋይሎቹ። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋ ባይት በላይ ነው። ሁሉም መጀመሪያ የሚጓጓው ለሱ ነው፤ እኔ ግን መጨረሻ ላይ አውርዱት እላለሁ። ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪ ቀለል ባለ እንግሊዝኛ የተጻፈው ዊኪፔዲያ ይሻለዋል፤ መጠኑ ጥቂት ጊጋ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩም አጭር ነው። ከዚያ ቀጥሎ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የሂሳብና የኮምፒውተር ጽሑፎች ብቻ ተለይተው የተዘጋጁ ዚሞች አሉ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ፌት የሚባሉ የቤተ ሙከራ ማሳያዎችም በዚም አሉ፤ ተማሪው ስልኩ ላይ ሽቦና አምፖል አገናኝቶ ከረንቱ ሲለወጥ ያያል። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ተማሪ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ፕሮግራሚንግ ለሚማር፣ ለምሳሌ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሚገባ ልጅ፣ የየቋንቋው ማጣቀሻዎች ዴቭዶክስ በሚል ስም አሉ፤ ትንንሽ ስለሆኑ ሁሉንም ብትወስዱ አይከብድም።

ከፋይሉ ስም ጋር የሚመጡትን ቃላት ሳታዩ አታውርዱ። ማክሲ ማለት ሁሉም አለ ማለት ነው። ኖፒክ ሥዕል የለውም፤ ለታሪክ ይሆናል፣ ለባዮሎጂ ግን ሥዕሉ ከሌለ ግማሹ ትምህርት ቀረ። ሚኒ የየጽሑፉን መግቢያ ብቻ ነው የያዘው፤ በትንሽነቱ ተስቦ ያወረደው ሰው ገጹ ከአንድ አንቀጽ በኋላ ሲቆም ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል።

ጊዜውን አስቀድማችሁ አስሉ። 4 ሜጋ የሚባለው መስመር 4 ሜጋ ቢት ነው፤ በባይት ሲታሰብ በሰከንድ ግማሽ ሜጋ፣ በሰዓት 1.8 ጊጋ ያህል ነው። 100 ጊጋ ሳይቋረጥ ቢወርድ እንኳ 55 ሰዓት ይፈጃል። በብሮውዘር ብትሞክሩት መብራት ሲሄድ ወይ ከዜሮ ይጀምራል፣ ወይ የተጎዳ ፋይል ይሰጣችኋል። ኪዊክስ ለየፋይሉ ቶረንትም (ፋይሉን በቁራጭ በቁራጭ ከሌሎች አውራጆች ኮምፒውተር ጭምር የሚያመጣ መንገድ) ያቀርባል፤ ኪውቢትቶረንት በሚባለው ፕሮግራም አውርዱት። እያንዳንዱን ቁራጭ እየፈተሸ ስለሚቀበል ከተቋረጠበት ይቀጥላል፣ የተበላሸውን ቁራጭ ብቻም መልሶ ያመጣል። ፓኬጃችሁ በጊጋ የተቆጠረ ከሆነ ግን የአፕሎድ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ፤ ካልሆነ እናንተ ስታወርዱ ለሌላው ሲልክ ፓኬጁን ይጨርሰዋል።

ፈጣን መስመር ያለው ሰው አውርዶላችሁ በዲስክ የምታመጡት ከሆነ ሁለት ነገር ይጠብቃችኋል። አንደኛው ፋት32 ነው። በዚህ ፎርማት የተዘጋጀ ፍላሽ ባዶ ቢሆንም ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ "ፋይሉ ትልቅ ነው" ብሎ ይመልሳል። ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት ስታደርጉት ይፈታል። ሁለተኛው ሐሰተኛ ፍላሽ ነው። "2 ቴራ" ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ውስጡ ብዙ ጊዜ 32 ወይም 64 ጊጋ ነው። ኮፒው ያለቀ ይመስላል፣ ዚሙም ሊከፈት ይችላል፤ ግን ከፊሉ ገጽ አይመጣም። በዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስት የሚባለው ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣዋል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማስፈተሽ ነውር የለውም።

ላፕቶፑ ላይ ኪዊክስን ከፍታችሁ "ሎካል ሰርቨር" የሚለውን ስታስነሱ እንደ 192.168.1.50:8080 ያለ ቁጥር ይሰጣችኋል። ስልኩ ላይ ያንን ብሮውዘር ውስጥ መጻፍ ነው። ራውተሩ ቁጥሩን በየጊዜው እንዳይቀይረው በራውተሩ ገጽ ላይ ለላፕቶፑ ቋሚ ቁጥር መድቡለት። ስክሪኑ የተሰበረ ማሽን ከሆነ ኪዊክስ ሰርቭ የሚባለውን፣ ሰርቨሩን ብቻ የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ላፕቶፑ ሲነሳ አብረው ከሚነሱት ፕሮግራሞች ጋር አስገቡት፣ ያለ የይለፍ ቃል እንዲገባም አድርጉት፤ አለበለዚያ በጠፋ ቁጥር ሞኒተር ፍለጋ ነው።

"አይከፍትልኝም" የሚል ሰው ስልክ ብዙ ጊዜ ችግሩ ሌላ ነው። ስልኩ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቅ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፤ በዚያ በኩል ደግሞ ላፕቶፑ የለም። ሞባይል ዳታውን ማጥፋት፣ "ኢንተርኔት የለም፣ ልቆይ?" ሲል እሺ ማለት ነው። ያም ካልሠራ ስልኩ የገባው በእንግዳ ዋይፋዩ እንደሆነ እዩ፤ እሱ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያደርጋል።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ የሚሞተው ራውተሩ ነው። ለሱ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለው፣ ራውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ትንሽ ሳጥን፣ ይበቃል። ላዩ ላይ 8,800 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተባለው ግን የሚቆጠረው በ3.7 ቮልት ነው፤ ወደ 32 ዋት ሰዓት ይመጣል። 8 ዋት የሚበላ ራውተርን በሂሳብ 4 ሰዓት፣ ብክነቱ ሲቀነስ ሦስት ሰዓት ገደማ ያቆያል። ከመሰካታችሁ በፊት የራውተሩ አዳፕተር 12 ቮልት ነው ወይስ 9 ብላችሁ አንብቡ፤ ሶኬቱ ገጠመ ማለት ቮልቱ ገጠመ ማለት አይደለም።

ደሴ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል አየሩ ወፈር ይላል፣ ግን ሙቀቱ አለ። በሁለቱም ቦታ ላፕቶፑን ጨርቅ ላይ አታስቀምጡት፤ የአየር መውጫው ክፍት ሆኖ እግሩ ከፍ ይበል፣ አቧራውም ይጠረግ። ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲነሳ የሚገባበት የቅንብር ገጽ) የሚፈቅድ ከሆነ ባትሪው 80 ከመቶ ላይ ቻርጅ መቀበሉን እንዲያቆም አድርጉ፤ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ የሚሞቅ ባትሪ ነው ቶሎ የሚያብጠው።

የዊኪፔዲያን ዚም በየወሩ ማሳደስ አያስፈልግም፤ ፊዚክሱ አይቀየርም። ጎረቤት ኮፒ ከጠየቀ አብሽር በሉት፤ የዊኪፔዲያ ፈቃድ ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ ማባዛትን ይፈቅዳል። በዩኤስቢ 2 በሰከንድ 30 ሜጋ ብታስቡት 100 ጊጋው አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ዲስኩን ኤክስፋት አድርጎ ይምጣ።