ባቡሩ ይገዛል፣ የደሴ ቤት ግን አይገዛም

ሞዴል ባቡር፣ ማለትም የእውነተኛውን ባቡር ትንሽ አምሳያ፣ የሚሠሩ ሰዎች ሲገናኙ ወሬው ሁሉ ሎኮሞቲቭ ነው። እኔን ግን የሚይዙኝ ቤቶቹ ናቸው። ባቡር የትም አገር ባቡር ነው፤ ቦታው ወሎ መሆኑን የሚናገረው ከሐዲዱ ጎን ያለው ቆርቆሮ ቤት፣ ሱቁ፣ የውሃ ቦኖውና መስጊዱ ነው።

የወሎ ቤት ደግሞ በካርቶን ታሽጎ አይሸጥም። ፋለር የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በ1946 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ለሞዴል ባቡር የሚገጣጠሙ ቤቶችን ያመርታል። ሥራቸው ያምራል፣ ግን የጀርመን ገጠር ቤት ጦሳ ተራራ ሥር ምን ሊሠራ? ስለዚህ ያለው መንገድ ከባዶ መሥራት ነው። እኔ ደግሞ የምወደው ይሄንኑ ነው።

የምሠራው በ1፡87 ነው፣ ኤች ኦ በሚባለው ስኬል (መጠን)፤ እውነተኛው 87 ሜትር የሆነው እዚህ አንድ ሜትር ነው ማለት ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሀራ ገበያ የሚሄደው መስመር የሐዲዱ ስፋት 1435 ሚሊሜትር ነው። ለ87 ስታካፍሉት 16.5 ይመጣል፣ ያ ደግሞ የኤች ኦ ሐዲድ ልክ ነው። የድሮውን የጅቡቲ ባቡር የሚሠራ ሰው ግን በዚሁ ስኬል 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ነው የሚፈልገው፣ ምክንያቱም የሱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

አገሩን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አወጣለሁ ብሎ መነሳት አያዋጣም። ደሴና ኮምቦልቻን የሚለያያቸው ከፍታ 600 ሜትር ግድም ነው። በስኬሉ ከሄድን ሰባት ሜትር የሚጠጋ ተራራ ቤት ውስጥ መቆም አለበት ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ጥግ መምረጥ ይሻላል፤ ሐዲድ፣ የመንደር መንገድ፣ ጥቂት ሱቆች፣ ከኋላ የሐረጎን ዳገት የሚያስታውስ ተረተር። እሱ ይበቃል።

ጭቃ ቤት ስሠራ ግድግዳው ባለ 2 ሚሊ ካርቶን ነው። መስኮትና በሩን ቀድሜ እቆርጣለሁ። ከዚያ ቪናቪል ኮላ ቀብቼ በአሮጌ ስቶኪንግ የተነፋ አፈር እበትንበታለሁ። አፈሩ ከዚያው ከሠፈሩ ቢመጣ ቀለም መፈለግ ይቀራል። ምርጊቱ የወደቀበት ቦታ ግን ማገሩ መታየት አለበት፣ እዚህ ላይ ደግሞ በግምት መሥራት አይሆንም። የሠፈራችንን አናጢ፣ "ጋሼ፣ ማገሩ በስንት በስንት ነው የሚመታው?" ብላቸው፣ "በስንዝር ነው ልጄ፣ ከዚያ ከሰፋ ጭቃውን አይይዝልህም" አሉኝ። አንድ ስንዝር 23 ሴንቲሜትር ቢሆን በኛ ስኬል 2.6 ሚሊ ነው። ለማገሩ ስንደዶ ቀጭን ቀጭኑን እየመረጡ መጠቀም ነው፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ቀለሙም የደረቀ እንጨት ይመስላል።

አሁን ወደ ቆርቆሮው። ለኔ ቤቱን ቤት የሚያደርገው ጣራው ነው፣ ሞዴሉን የምናየው ሁልጊዜ ከላይ ስለሆነ። አንድ ቅጠል ቆርቆሮ 2 ሜትር በ90 ሴንቲሜትር ብንለው በ1፡87 ወደ 23 ሚሊ በ10 ሚሊ ይሆናል። ሞገዱን ለማውጣት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርስ ያለው ባለ 5 ሚሊ ብሎን በቂ ነው። የጥርሱ ርቀት 0.8 ሚሊ ነው፣ በእውነተኛው ልክ ሰባት ሴንቲሜትር ገደማ፣ ከዋናው ቆርቆሮ ብዙ አይርቅም። የወጥ ቤት ፎይል ስለሚቀደድ ምግብ ታሽጎ የሚመጣበትን የአሉሚኒየም ሳህን ታች ጠፍጣፋውን ቁረጡ። ወፍራም ቆዳ ላይ አንጥፋችሁ ብሎኑን ጫን እያላችሁ አንከባሉበት። መስመሩ ትንሽ ሰያፍ ሆኖ ይወጣል፣ ስለዚህ ቅጠሉን የምትቆርጡት ከሞገዱ በኋላ፣ መስመሩን ተከትላችሁ ነው።

ጣራውን በአንድ ትልቅ ቅጠል የሚሸፍኑ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ቅጠል በቅጠል፣ ከታች ወደ ላይ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ነው የሚለጠፈው፣ እውነተኛው ቤት ላይ እንደሚመታው። ሁለቱ ቅጠል ትንሽ ቢዛባ ጥሩ ነው። አንዷን ቅጠል አዲስና የምታብረቀርቅ አድርጋችሁ ተዉአት፤ እዚህ ቤት አንድ ክረምት ላይ ጣራው አፍስሶ ባለቤቱ አቅሙ የቻለውን ያህል እንደቀየረ ማንም ሰው ያይላችኋል።

ዝገት ሲሰጡም ውሃውን መከተል ነው። ዝገት ጣራው ላይ እኩል አይሰራጭም። ከሚስማሩ ቀዳዳና ከተደራረበበት ጠርዝ ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል። እኔ ከአሮጌ ብረት ላይ ፍቄ በደንብ የነፋሁትን እውነተኛ የዝገት ዱቄት በቀጭን ብሩሽ ነው የምሰጠው፣ ጣራውን መጀመሪያ ደብዛዛ ግራጫ ከቀባሁት በኋላ። የግድግዳው እግርም እንዲሁ ነው፤ ከጣራው የሚወርደው ውሃ ጭቃ የሚረጭበት ከታች ያለው ክንድ ያህል ቦታ፣ ማለትም 6 ሚሊ የማይሞላው፣ ጠቆር ማለት አለበት።

ሌላው ሌላው ቀላል ነው። ቢጫ ጀሪካን ከ5 ሚሊ አይበልጥም፣ ቦኖው ፊት መደርደር ነው። ባጃጅ 3 ሴንቲሜትር። ጣራው ጠርዝ ላይ ለንፋስ የሚጫኑት ድንጋዮች 2 እና 3 ሚሊ ጠጠሮች ናቸው። የሱቁን ጽሑፍ አሳንሶ ማተም ይቻላል፣ ግን ቀጥታ ከተለጠፈ አዲስ ይመስላል፤ ጀርባውን በአሸዋ ወረቀት አሳስቶ መለጠፍ ይሻላል፣ ያኔ ግድግዳው ላይ የተጻፈ ይመስላል።

አሁን የጀመርኩት የደሴ ፒያሳን ባለ ፎቅ ቤት ነው፣ የእንጨት በረንዳ ያለውን ዓይነት። ልኩን የማወጣው ከፎቶ ነው። በሩ 2 ሜትር ነው ብሎ መነሳት፣ ያ በስኬሉ 23 ሚሊ ነው፣ ከዚያ መስኮቱንም በረንዳውንም ከበሩ ጋር እያመዛዘኑ ማስላት። ከጎን የተነሳ ፎቶ ግን ልኩን ያዛባዋል። እናንተ ቤት አልበም ውስጥ የፒያሳ፣ የአራዳ ወይም የሰኞ ገበያ የድሮ ፎቶ ካለ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል። ፊት ለፊት የተነሳ ይሁን እንጂ ቢደበዝዝም ግድ የለም።