ቴፑን ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት

ዛሬ ከሰዓት ባሕር ዳር ከጣና በኩል የመጣው ዝናብ መብራቱን ሦስት ጊዜ አጥፍቶ መለሰው። እንዲህ ባለ ቀን አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ብዙውን ጊዜ የሚቃጠለው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ ቮልቴጁ ለአፍታ ከ220 በላይ ሊዘል ይችላል። መብራት እንደሄደ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመጣም 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ነጎድጓድ ካለ ከዲሽ የሚመጣውንም ገመድ ለዩት፤ መብረቅ በእሱም ይገባል።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እዚህ አይሰካም።

የስፒከር ሽቦ ስታስሩ ቴፑ ከሶኬት የተነቀለ ይሁን። ጫፉን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ላጡና ክሮቹን አጥብቃችሁ ግመዱ። አንዲት የተረፈች ክር ቀዩንና ጥቁሩን ካገናኘች ሾርት ነው፤ የአምፕሊፋየሩ ትራንዚስተር ሊሄድ ይችላል። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። የአንደኛው ስፒከር ሽቦ ከተገለበጠ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ይሳሳል፤ ብዙ ሰው ይህን የስፒከር ብልሽት ይመስለውና በከንቱ ያስፈታዋል። ኦሙንም (ለኤሌክትሪክ ያለውን የመቋቋም መጠን) እዩ፤ ቢያንስ 8 ኦም በሚል አምፕሊፋየር ላይ 4 ኦም ስፒከር ከታሰረ ከመጠን በላይ ይግላል።

እባካችሁ ዳንቴሉን ከአምፕሊፋየሩ ላይ አንሱት! ሙቀቱ የሚወጣው በዚያ በኩል ስለሆነ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ተዉለት። ከምጣድ ጋርም በአንድ ማከፋፈያ አትሰኩት።

ስትከፍቱ ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖ አምፕሊፋየሩ መጨረሻ ይከፈት፤ ስትዘጉ መጀመሪያ እሱ ይዘጋ። ድምፁ መሰንጠቅ ከጀመረ ወዲያው ቀንሱ፤ ቀድማ የምትቃጠለው ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር ናት።