የግንባታ ስክሪፕቶችን ከባሽ ጥገኝነት ማላቀቅ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ላለፉት ጥቂት ሳምንታት በትርፍ ጊዜዬ አንድ የቆየ የሲ ፕሮግራም የሚገነባባቸውን ስክሪፕቶች በባሽ ብቻ ሳይሆን በየትኛውም የፖዚክስ ሼል እንዲሠሩ ሳስተካክል ቆይቻለሁ። ለዚህ የገፋፋኝ ነገር፣ በእኔ ማሽን ላይ በትክክል የሚገነባው ፕሮግራም ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ግንባታው ያለ ስህተት ቢጠናቀቅም የምስጠራው ክፍል ሳይካተት መቅረቱ ነበር።

ከግንባታው በፊት ሥርዓቱን የሚፈትሸውና አማራጮቹን የሚወስነው የኮንፊገር ስክሪፕት የሚጠራው ኤስኤች የተባለውን ሼል ነው። ይህ ስም በብዙ ሥርዓቶች ባሽን የሚያመለክት ቢሆንም ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ፣ ዴቢያን ደግሞ በ2011 ከወጣው 6ኛ እትሙ ጀምሮ ፈጣኑንና ቀላሉን ዳሽ የተባለ ሼል በቦታው ተክተዋል። ስክሪፕቱ የምስጠራው አማራጭ መመረጡን በቴስት ትእዛዝ ሲያረጋግጥ ሁለት የእኩል ምልክት (==) ይጠቀም ነበር። ባሽ ይህን ይቀበላል፤ ዳሽ ግን ያልተጠበቀ ኦፕሬተር አገኘሁ የሚል አንድ መስመር ጽፎ ትእዛዙን እንዳልተሳካ ይቆጥረዋል። ኢፍ የተባለው የሁኔታ ትእዛዝ ደግሞ በስህተት መውደቅንና «አይደለም» የሚለውን መልስ ስለማይለይ ስክሪፕቱ አማራጩን ዘግቶ ሥራውን ይቀጥላል። ያቺ አንዲት መስመር ከመቶዎቹ የፍተሻ መልእክቶች መካከል ተሰውራ ስለነበር እስካገኛት ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል።

ማስተካከያው አንዱን የእኩል ምልክት መሰረዝ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ እኔ በመጀመሪያ የሰረዝኩት ኦቶኮንፍ የተባለው መሣሪያ ከሚያመነጨው የኮንፊገር ፋይል ላይ ስለነበር፣ ፋይሉ እንደገና ሲመነጭ ስህተቱም አብሮ ተመለሰ። መታረም ያለበት ኦቶኮንፍ ኮንፊገርን የሚያመነጭባቸው ምንጭ ፋይሉና የኤም4 ማክሮዎቹ (አብነቶቹ) ናቸው።

በተለዋዋጭ ላይ ጽሑፍ ለመቀጠል የሚያገለግለው += በዳሽ ላይ «ትእዛዙ አልተገኘም» ስለሚያሰኝ ወዲያው ተገኝቶ ታረመ። ከዚህ ይልቅ ያስቸገረኝ ሴድ የተባለው ጽሑፍ ማረሚያ ትእዛዝ ነው። ፋይሉን በቦታው የሚያርመው አማራጩ በሊኑክስ በተለመደው የግኑ ሴድ የመጠባበቂያ ቅጂ ስም ቅጥያ ባይሰጠውም ይሠራል፤ የማክኦኤሱ ሴድ ግን ቀጥሎ የመጣውን ቃል እንደ ቅጥያ ስለሚወስድ የማረሚያውን ትእዛዝ ራሱን ይውጠዋል። ስለዚህ ውጤቱን ወደ ጊዜያዊ ፋይል ጽፌ በዋናው ላይ አንቀሳቀስኩት፤ በዚህም ዋናው ስክሪፕት የማስኬጃ ፈቃዱን አጣ። አሁን የጊዜያዊውን ይዘት ካት በተባለው ትእዛዝ ወደ ነባሩ ፋይል መልሼ ስለምጽፍ ፈቃዱ አይነካም።

ሼልቼክ የተባለው የስክሪፕት ስህተት መፈተሻ በብዙ ረድቶኛል፤ የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ባሽን ከጠራ ግን የባሽን ልዩ አጻጻፎች እንደ ስህተት አይቆጥርም። ከሁሉም በላይ የማምነው የተመነጨውን ኮንፊገር በቀጥታ በዳሽ አስኪዶ ውጤቱን ከባሹ ጋር ልዩነት በሚያሳየው የዲፍ ትእዛዝ ማነጻጸርን ነው። ተለዋዋጭን በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ብቻ የሚገድበው ሎካል የሚለው ቃል በፖዚክስ ደረጃ ውስጥ ባይኖርም ዳሽም ሆነ በትናንሽ ሥርዓቶች የሚገኘው የቢዚቦክስ ሼል ስለሚያውቁት ለጊዜው ትቼዋለሁ።